የራቁቱ ስፍር

ረቡዕ የካቲት 3 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አባቴ በነገሌ ቦረና ጦር ሠፈር አጥር ሥር ተንበርክኮ ሣር ሲነቅል አየሁት። ሰዓቱን የማውቀው የሠፈሩ ጥሩምባ ገና ተነፍቶ ማብቃቱ ስለነበር ነው። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሜዳው አመድ መስሏል። በከተማው ለምለም ነገር የሚገኘው ከቦኖው ውሃ በሚንጠባጠብባት በዚያች ጭቃ ዳር ብቻ ነበር። አባቴ እፍኝ የሚሞላ ሣር መርጦ ነቀለ፤ ሥሩን አጠበ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣

«እሙሽ፣ ጫማሽን አድርጊ። ጣዲቻ ዘንድ እንሄዳለን» አለኝ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጣዲቻ አንበሳ ከብቱን እየፈጀበት ያለ የጉጂ ሽማግሌ መሆኑን አውቃለሁ። አባቴ ደግሞ በጥይት ነገር ከሰው ሁሉ የሚበልጥ አዋቂ መሆኑን አውቃለሁ። ሁለቱን ገጣጠምኩና ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፦ አባቴ አንበሳ ሊገድል ነው። ሣሩም የአንበሳ መድኃኒት ነው።

አባቴ ካረፈ ገና ዓመቱ አልደረሰም። ያን ቀን ለራሴ ስተርክ የኖርኩት ልክ ልጅ ሆኜ እንዳየሁት ነበር። አሁን ግን እሱ ስለሌለ፣ እሱ እንዳየውም ጭምር ልጽፈው እሞክራለሁ።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ወልደየሱስ በሠፈሩ የመሣሪያ ጥገና ቤት ሲሠራ ኖሮ በጡረታ የተገለለ ሰው ነው። ያኔ ብዙ ከብት ጠባቂ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ጠመንጃ ነበረው፤ ጥይቱ ግን ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ የተተኮሰውን ቀለህ፣ የጥይቱን ባዶ ቀፎ፣ እየለቀሙ ለአባቴ ያመጡለታል። እሱ ያጥበዋል፣ ያቃናዋል፣ ባሩድ ይሞላዋል፣ አዲስ አረር፣ ተወንጫፊውን እርሳስ፣ ይተክልበታል። ጓዳችን ሁልጊዜ የባሩድና የጠመንጃ ዘይት ይሸታል። ባሩድ ሲሰፍር ማንም አይናገርም፤ እናቴ ደመቀች እንኳ ድስቷን ሳታንኳኳ ነው የምታስቀምጠው። እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ያ ጥቁር ፍርፋሪ ከስፍሯ ወደ ቀለሁ ሲወርድ የሚያሰማውን እንደ ጤፍ ያለ ድምፅ ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ። ነጎድጓድ ሲተኛ የሚያንኮራፋ ይመስለኝ ነበር።

ሥራው ሲያበቃ እናቴ ትጀምራለች።

«የሰው ባል ከሰው ጋር ያወራል፤ የእኔው ከእርሳስ ጋር ይማከራል።»

«እርሳስ መልስ አይሰጥማ» ይላታል አባቴ።

ባሩዱን የሚለካባቸው ስፍሮች ሁለት ነበሩ። ከተቆረጠ ቀለህ የተሠሩ፣ የሽቦ እጀታ ያላቸው። ትልቋን «የልብሱ»፣ ትንሿን «የራቁቱ» ይላቸዋል። ከፋብሪካ የሚመጣው አረር እርሳሱ ወፍራም የመዳብ ልብስ ለብሶ ነው የሚወጣው፤ ጠንካራ ግፊት ይችላል። በቤት የሚቀለጠው እርሳስ ግን ራቁቱን ነው። ለስላሳ ስለሆነ አለልክ ከተገፋ በጠመንጃው ሆድ ውስጥ ይላጣል፣ መንገዱን ይስታል። ለዚህ ነው ትንሿ ስፍር የምትሰጠው። ይኼን የተረዳሁት አድጌ ነው። ያኔ የገባኝ ትልቋ ስፍር የጌቶች፣ ትንሿ የድሆች መሆኗ ነበር፤ ጣዲቻም ሁልጊዜ በትንሿ ስለሚሰፈርለት በልቤ አዝንለት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በሀሺ ነው። ሀሺ በገበያው አምባርና የጆሮ ጌጥ የሚሠራ አንጥረኛ፣ የአባቴ ወዳጅ ነው። ሱቁ ውስጥ በትልቅ ጠርሙስ ሰማያዊ ውሃ አለው፤ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የተሳበ ሽቦ ይገባበታል። ርካሹን አምባር ነክሮ፣ መዳብ ቀብቶ ቀይ አድርጎ ያወጣዋል። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ሄጄ፣ ሀሺ በሽቦ ጫፍ የታሰረ አመድማ የእርሳስ አረር እዚያ ውሃ ውስጥ ሲያጠልቅ አየሁ። እነሱ ስለ ከብት ዋጋ ያወራሉ፤ እኔ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም። አመዱ ቀስ በቀስ ወዝ አወጣ፤ ከዚያ ሮዝ ሆነ፤ ከዚያ ሀሺ ሽቦውን ሲስበው ገና የወጣች ፀሐይ ይመስል ቀልቶ ብቅ አለ።

«ሱብሃነላህ» አለ ሀሺ፣ የሠራው ሌላ ሰው ይመስል።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ሲወለድ ያየሁ መሰለኝ።

«ሰው ጥቁር ጥይት አልገዛም እያለኝ ነው» አለው ሀሺ አባቴን። «ቀይ ሲሆን የመንግሥት ነው ብሎ ደስ ይለዋል። አንተ ብቻ በትልቋ ሙላልኝ።»

አባቴ አረሩን በጣቶቹ መሐል አገላበጠው። «ይኼ ለብሷል ወይስ ራቁቱን ነው?»

«ዓይን የለህም እንዴ? ለብሷል እንጂ።»

«መልበስማ ለብሷል። ምን ያህል ነው የለበሰው?»

«ወላሂ ሃምሳ አለቃ፣ አንተ ሙሽራ ብትመጣልህ የቀሚሷን ጨርቅ ካልለካሁ ትላለህ።»

አባቴ ሳቀ። አረሮቹን ግን ተቀብሎ ወደ ቤት አመጣቸው።

በዚያው ሰሞን ጣዲቻ መጣ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነው፤ በር ላይ ጎንበስ ሲል ቤታችን የሚያንስ ይመስለኛል። በእነሱ አገር ሰላምታው፣ «ናጋ» ማለትም «ሰላም» መባባሉ፣ ሳያልቅ ክፉ ወሬ አይወራም።

«አካም፣ ወልደየሱስ። ናጋ?»

«ናጋ። እርስዎ ናጋ? ቤቱ ናጋ?»

«ናጋ። ልጂቷ ናጋ? እናቷ ናጋ?»

«ናጋ። ከብቱ ናጋ?»

ሽማግሌው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «ከብቱ ናጋ አይደለም» አለ። «ድርቁ ሊገድላቸው ያሰባቸውን አንበሳው ቀድሞ እየወሰደ ነው። ዛሬውኑ መመለስ አለብኝ። የጅብ ጥይት አይበቃኝም፣ ወልደየሱስ። ጠንካራ ስጠኝ።»

አባቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ከፊቱ ሁለቱ ስፍሮች አሉ፤ በእጁ የሀሺን ቀይ አረር ይዟል። ብዙ ቆየ። አረሩን በጥርሱ ነካ አድርጎ አየው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው። ሌላ ጊዜ አዲስ ነገር ሲያጋጥመው ሳይተኩስ ለሰው አይሰጥም ነበር። ጣዲቻ ግን በር ላይ ቆሞ ፀሐይዋን ያያል። አባቴ እጁን ወደ ትንሿ ሰደደ፤ መለሰው፤ ትልቋን አነሳ።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጣዲቻ ዛሬ ከጌቶች ተቆጠረ አልኩ። አባቴም በዚያች ሰዓት ያሰበው ከእኔ የራቀ አልነበረም፤ ለወዳጁ ያለውን የመጨረሻውን ጥሩ ነገር ሊሰጠው ነው የፈለገው። ጣዲቻ የሞቁ የሚመስሉትን ቀይ ጥይቶች በቆዳ ከረጢቱ ከቶ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሄደ።

ማክሰኞ ዕለት አባቴ ከሀሺ አረሮች የተረፉትን በዚያው በትልቋ ስፍር ሞልቶ፣ የጣዲቻን የመሰለ ጠመንጃ ይዞ ከከተማው ውጭ ወዳለው የድንጋይ ማውጫ ሄደ። እኔም ተከተልኩ። ቆርቆሮ ሰቅሎ ተኮሰ። ድምፁ ድንጋዩን ሁሉ አንቀጠቀጠው፤ ቆርቆሮው ግን አልተነካም። ቀረብ ብሎ ተኮሰ። አልተነካም። አባቴ ሲስት አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ በጣም ቀርቦ በአሸዋ በተሞላ ጆንያ ላይ ተኮሰና በእጁ ይቆፍር ጀመር። መጀመሪያ የወጣው የተጣመመ እርሳስ ነው፤ አመድማ፣ ራቁቱን። ቀጥሎ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት የሳሳ፣ የተጠቀለለ ቀይ ነገር በጣቱ አነሳ።

«አባዬ፣ ቆዳውን ጣለ» አልኩት። «እንደ እባብ።»

ጥይቱ ሕይወት ያለው መሰለኝ። አባቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ የአሸዋው ዓይነት መልክ ነበረው።

«ቀለም ልብስ አይደለም» አለ።

ስለ እባቡ የነገረኝ መሰለኝና ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

አሁን ሳስበው እዚያ ድንጋይ ላይ ምን እንዳየ ይታየኛል፦ አንድ ሽማግሌ ከአንበሳ ፊት ለፊት ቆሞ፣ አነጣጥሮ፣ ምላጩን ስቦ፣ ጥይቱ ወደ ፈለገበት ሲሄድ።

በማግስቱ ነው እንግዲህ ሣሩ የተነቀለው። ጫማዬን ለማድረግ እየሮጥኩ ስገባ ለመንደሩ ልጆች ሁሉ ነገርኳቸው። ወሬው እኔን ቀድሞ እናቴ ዘንድ ደረሰ።

«ባልሽ አንበሳ ሊገድል ነው አሉ» አለቻት ጎረቤቷ በአጥር ላይ።

«እሱ?» አለች እናቴ። «ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞረው?» ሳቀች፤ የእኔን ጫማ ግን አስራ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረችው። «ልጅቷን ለምንድን ነው የምትወስዳት?» አለችው ሲገባ።

«ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው ለጠብ አይመጣም።»

«አንበሳውም ይኼን ያውቃል?»

«ለአንበሳው አይደለም» አላት። ትንሿን ስፍርና ባሩዱን በመሐረብ ቋጠረ። ትልቋን ጠረጴዛው ላይ ተዋት። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንበሳው ጠብ እንደማይፈልግ ነበር።

ጨው በሚጭን መኪና ላይ ተሳፍረን ወደ ደቡብ ወረድን። አባቴ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለውን ሣር በጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጨርቁ በደረቀ ቁጥር ከኮዳው ውሃ ያርከፈክፍበታል፤ እኛ ግን አልጠጣንም። ከመኪናው ወርደን በእግር ስንሄድ በግራና በቀኝ ከሰው ሦስት እጥፍ የሚረዝሙ ቀያይ ኩይሳዎች ቆመዋል። አንበሳው ከየትኛው ጀርባ እንደሚወጣ እየመረጥኩ፣ የአባቴን ኮት ጫፍ ይዤ ተጓዝኩ። ፈርቼ ነበር ማለት አልችልም። ከእንደዚህ ያለ ሰው ጋር መሄድ ከፍርሃት በላይ የሆነ ነገር ነበር።

ጣዲቻን ያገኘነው በበረቱ የእሾህ አጥር ጥላ ሥር ነው። ጠመንጃው ጭኑ ላይ ተጋድሟል። አጠገቡ የበኩር ልጁ ጃርሶ ቆሟል፤ ያኔ ጢሙ ገና ያቆጠቆጠ ጎረምሳ ነው። ሁለቱም አይነጋገሩም። ሰላምታው ተጀመረ፦ ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ።  ሰላምታው ሲያልቅ አባቴ ቁጢጥ አለ፣ ጨርቁን ፈታ፣ ሣሩንም በሁለት እጁ ወደ ሽማግሌው ዘረጋ። በዚያ አመድማ አገር ውስጥ የሣሩ አረንጓዴ ዓይን ይወጋ ነበር። ጥጆቹ እንኳ አንገታቸውን አሰገጉ።

መድኃኒቱን እየሰጠው ነው አልኩ።

በዚያ አገር በሰው ላይ ጥፋት ያለበት ለምለም ሣር ይዞ ይቀርባል። ሣር የያዘን እጅ ገፍቶ መመለስ ነውር ነው። አባቴ ይኼን ከእነሱ ጋር ሲኖር ተምሮታል፤ እኔ ያወቅኩት ካረፈ በኋላ ነው።

«የሰጠሁዎ ጥይት ስህተት ነው» አለ አባቴ። «መዳብ ተቀብቷል እንጂ አልለበሰም። እኔ የልብሱን ስፍር ሰጠሁት። ቆዳውን ጥሎ ይወጣል፤ ያነጣጠሩበትን አይመታም። ሳልፈትነው ሰጠሁዎ።»

ጣዲቻ ቀና አለ። «አይመታም?»

«ዓይነ ስውር ነው። ማንም ቢተኩሰው ይስታል።»

«ማንም?»

«እኔም ስቻለሁ። በቅርብ ቆሜ፣ ቆርቆሮ።»

ሽማግሌው ሣሩን ከአባቴ እጅ ተቀበለና ፊቱን ሸፈነበት። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ትልቅ ሰው፣ ያውም እንደ ጣዲቻ ያለ፣ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አንበሳውን ምን ያህል ቢፈራው ነው አልኩ፤ አንበሳው በዓይኔ ግርማው በጣም ጨመረ።

ጣዲቻ ግን በዋዜማው ጎህ ሲቀድ አንበሳውን አግኝቶት ነበር። በጎኑ ቆሞ፣ ጥርት ብሎ የሚታይ። ተኩሶ ዛፍ መታ። ዳግም ተኩሶ አፈር መታ። ከዚያ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም። ዓይኑ የጠፋ፣ ዕድሜው ያለቀ መስሎታል። እኛ በደረስንበት ቀን ጠዋት ጃርሶን ጠርቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጠመንጃውን እንደሚያስረክበውና እሱ ከጥጆቹ ጋር እንደሚቀመጥ ነግሮታል። እኛ የደረስነው በዚህ መሐል ነው።

ፊቱን ሲገልጥ ሣሩን በበረቱ በር እሾህ ላይ ሰካው። «ወልደየሱስ» አለ ድምፁን ጠርጎ፣ «ይኼን ለመናገር ነው ከነገሌ የመጣኸው? ልጅ ይዘህ?»

«አዎ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን መሞቴን ሲሰማ ነበር የሚመጣው። ለቅሶ።»

አባቴ ቀዮቹን ጥይቶች ተቀብሎ በግራር ጥላ ሥር ተቀመጠ። አረሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ ባሩዱን ደፋ፤ በትንሿ ስፍር እንደገና ሰፈረ። ሴቶቹም ልጆቹም ከበውት ቆሙ፤ እንደ ጓዳችን ሁሉ እዚያም ማንም አልተናገረም። ነፋሱ ራሱ ያቆመ መሰለኝ። ከዚያ ጣዲቻ አንድ ኩይሳ ላይ በነጭ አፈር ምልክት አስደረገና ራሱ ተኮሰ። ድምፁ ትንሽ ነበር። ነጩ አፈር ግን ቡን አለ።

ጃርሶ ሮጦ አይቶ መጣ። «መሐሉን» አለ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

«ይኼ ጠመንጃ ነው ወይስ የፍየል ሳል?» አለ ጣዲቻ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

«የሚሄድበትን ያውቃል» አለ አባቴ። «ግን ጉልበቱ ትንሽ ነው። በጣም መቅረብ አለብዎ። ከልምድዎ በላይ።»

«ምን ያህል?»

አባቴ ተነስቶ ከኩይሳው ወዲህ ቆመና ቦታውን በእግሩ አሳየው። ሳቁ ቆመ። ከዚያች ቦታ የአንበሳ ትንፋሽ ይሰማል።

«እዚያ ማን ይቆማል?» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

«እኔ አብሬ እቆማለሁ» አለ አባቴ።

ጣዲቻ አየው። «ዶሮ አርደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ዱላ ያዝ።»

ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ስትል ሁለቱ አንበሳው ትናንት ወደ ጣላት ጊደር ሬሳ ሄዱ፤ ሣር የሌለበት ሜዳ ላይ ረጅሙና አጭሩ ጥላቸው ተያይዞ ይሄዳል። እኔን ከጥጆቹ ጋር ጎጆ ውስጥ አስገቡኝ። አንዲት ጥጃ እጄን ትልሳለች።  ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የሣጥን ክዳን ሲወድቅ የሚያሰማው ያህል። ቀጥሎ ምንም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ከሩቅ የጣዲቻ ድምፅ ገራርሳውን፣ የጀግና ዜማውን፣ ጀመረ፤ ሴቶቹ እልል እያሉ በላዬ ላይ እየተረማመዱ ወጡ።

አንበሳው እንደተኛ ሰው በጎኑ ወድቆ ነበር። መዳፉ ከአባቴ ፊት ይበልጣል። አባቴ ዱላውን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል፤ ሊጥለው አልቻለም፤ ጣቶቹን ጣዲቻ ነው አንድ በአንድ ያላቀቀለት። ለጣዲቻ ቅቤ ሲቀቡት ከራሱ ላይ ወስዶ የአባቴን ራስ ቀባው።

ነገሌ ስንመለስ ቅቤው ገና በፀጉሩ ላይ ነበር። ልጆቹ መንገድ ላይ ጠብቀውን ነበርና፣

«ገደለው» አልኳቸው።

«እኔ አልገደልኩም» አለ አባቴ። «አጠገቡ ነበርኩ።»

ትሕትና ነው ብዬ ለዓመታት በዚያው ጸናሁ። ለባሌም ለልጆቼም ያወራሁት እንደዚያ ነው።

ለአባቴ ለቅሶ አንድ ነጭ ጢም ያለው ሰው ከነገሌ ድረስ መጣ። ጃርሶ ነው። ድንኳኑ ሥር አጠገቤ ተቀምጦ የሣሩን ነገር፣ የስፍሩን ነገር፣ የዛፉንና የአፈሩን ነገር ሁሉ ነገረኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«አባትሽን ብዙ ዓመት ጠልቼው ነበር» አለ። «ያን ቀን ጠመንጃው የእኔ ሊሆን ነበር። አንድ ቀን ዘግይቶ ቢመጣ ምን ነበረበት እያልኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሽማግሌ ነኝ» አለ ጃርሶ። «ዓይኔም ደክሟል። ማንም መጥቶ ጥፋቱ የጥይቱ ነው አላለኝም።»

ሀሺ አረር መቀባቱን አልተወም፤ ገዥው ቀይ ይወድ ነበር። አባቴ ግን ከእሱ የመጣውን ሁሉ በትንሿ ስፍር ብቻ ነበር የሚሞላው። ጣዲቻ ጠመንጃውን ለጃርሶ ያስረከበው በ1977ቱ ድርቅ፣ በሞተበት ሳምንት ነው።